የነጋሲ አረማመድ

ነጋሲ የሰው አረማመድ ማስመሰል ይችልበት ነበር። ካዛንቺስ ካለው ሥጋ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ በፊቱ የሚያልፈውን ሰው አንዴ አየት ያደርጋል፤ ከዚያ ብድግ ብሎ ያንኑ ሰው ሆኖ በበረንዳው ላይ ይመላለሳል። ቦርጫሙን ከነቦርጩ፣ ኩሩውን ከነኩራቱ፣ እግሩን የታመመውን ከነሕመሙ። የተቀመጠው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ግን አይስቅም፤ ኮቱን አስተካክሎ ይቀመጥና ከሻኛው ቆረጥ አድርጎ አዋዜ ውስጥ ይነክራል። ለዚህ ችሎታው ቢራ የሚጋብዘው ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ተራው እስኪደርሰው ድረስ በሌላው መሳቅ ይወዳል።

ከትግራይ በልጅነቱ መጥቶ ቂርቆስ ነው ያደገው። ከዚያ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገባና የመኪና ስምሪት ኃላፊ ሆነ። የትኛው ሾፌር የትኛውን መኪና ይዞ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ሥልጣን ትንሽ ስትሆን ደግሞ ክፋቷ ይብሳል። የሳቀለት ሾፌር ከተማ ውስጥ ይንፈላሰሳል፤ ያኮረፈው ቆላ ለቆላ ሲንከራተት ይከርማል።

ከሾፌሮቹ መካከል ሀብተሥላሴ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። መኪና ተገልብጦበት ቀኝ እግሩ አጥሮ ቀርቷል፤ ስለዚህ ያነክሳል። ነጋሲ «ባለ ሦስት ጎማ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ከሾፌሮቹ ወደ ጸሐፊዎቹ፣ ከጸሐፊዎቹ ወደ ዘበኞቹ ተዛመተ። ሀብተሥላሴ በዚያ ስም ሲጠሩት አቤት ይል ነበር፤ ምን ያድርግ፣ የልጆች አባት ነው። ጠዋት ቁልፍ ሊወስድ ሲመጣ ነጋሲ ከወንበሩ ይነሳና ከጎኑ እያነከሰ እስከ መኪናው ድረስ ይሸኘዋል። ግቢው ሁሉ ወጥቶ ያያል። ይህ ለዓመታት በየጠዋቱ ሆነ።

ቤቱ ያለችውም አልተረፈችም። ሚስቱ መብርሂት ልጃቸውን አርያምን ስትወልድ ምጡ ክፉ ነበርና ዳሌዋ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ስትሄድ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። እንግዳ መጥቶ ትሪ ይዛ ስትገባ ነጋሲ ከኋላዋ ብድግ ብሎ ዘንበል፣ ዘንበል እያለ ይከተላታል። እንግዶቹ ይስቃሉ። መብርሂትም አብራ ትስቃለች፤ ካልሳቀች «ቀልድ አታውቅም» ልትባል ነው። ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ጓዳ ገብታ ምን እንደምታደርግ ሄዶ ያየ ሰው የለም።

ባልና ሚስቱ ሁለት ቋንቋ ነበራቸው። ነጋሲ ሲሰድባት በአማርኛ ነው፤ ስድብ በአማርኛ ይጥመኛል ይል ነበር። ሲያመው፣ ሲፈራ ወይም የእናቱን ቤት ሲያስታውስ ደግሞ ወደ ትግርኛ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ለስላሳ ሰው ይሆናል። መብርሂት ያን ለስላሳ ሰው ስትጠብቅ ነው ያረጀችው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አርያም ባንክ ተቀጥራ ስትሠራ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ተዋደደች፤ ልጁ የሀብተሥላሴ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ መጥተው የአባቱን ስም ሲጠሩ ነጋሲ ሳቁ አመለጠው። ኋላ ግን አርያም ለብቻው አስቀምጣ «አባዬ፣ እሱ ካልሆነ በቃ ማንም አይሆንም» አለችው። በዚህ ምድር ላይ ነጋሲ የሚፈራው ሰው ቢኖር እሷ ነበረችና እሺ አለ። ሠርጉ ለዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

ሁለቱ ቤተሰቦች ሲተዋወቁ ሀብተሥላሴ ብዙ አልተናገረም። በመጨረሻ ሲሰናበት ብቻ የነጋሲን እጅ ይዞ «እንግዲህ ጋሽ ነጋሲ፣ ከእንግዲህ እኩል ነው የምንራመደው» አለው። ሰውየው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ዘመድ ሆንን ለማለት ይሆናል። በነጋሲ ሆድ ውስጥ ግን ያ ቃል እንደ አጥንት ተሰነቀረ። ከሀብተሥላሴ ጋር እኩል መራመድ? እሱ? በሠርጉ ቀን ለሀብተሥላሴ አረማመድ ምን እንደሆነ አሳየዋለሁ ብሎ ማለ።

የሚያሳይበትም መንገድ ነበረው። የነጋሲ ቤት ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲወጡ ውስጥ ለውስጥ ከሚገኙት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነው፤ መኪና አይገባም። በሰፈሩ ልማድ የሙሽራ መኪና አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ ከሚዜዎቹ በቀር የወንድ ወገን እዚያ ይጠብቃል፤ አባት ሙሽራዋን በክንዱ ይዞ፣ ጎረቤቱ ግራና ቀኝ ቆሞ እያጨበጨበ፣ በኮረኮንቹ ላይ ቁልቁል አስፋልቱ ድረስ ያደርሳታል። ነጋሲ የጎረቤት አባቶችን ሁሉ በዚያች መንገድ ሲሄዱ አይቷል፤ ሁሉንም አስመስሎ አስቆባቸዋል። አሁን ተራው የሱ ነው፤ ከመንገዱ ጫፍ የሚጠብቀው ደግሞ ሀብተሥላሴ ነው። ያችን መንገድ ቀጥ ብሎ፣ ሳያነክስ መሄድ። ከዚያ ሌላ ከዚህ ዓለም የፈለገው ነገር አልነበረም።

ፋሲካ ሲሆን የሁለት ወሩን ጾም በቁርጥ ፈታ። እሑድ ቁርጥ፣ ሰኞ ቁርጥ፣ ማክሰኞ ቁርጥና ቢራ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ቀስቅሳ አስጮኸችው። ቀልታ፣ አብጣ፣ ቆዳዋ ተወጥሮ ያበራል። አንሶላው ሲነካት በፍም የተጠበሰ ያህል ይሰማዋል። መብርሂት ልታይ ጎንበስ ስትል ትንፋሿ ነካኝ ብሎ ሰደባት። ከአልጋው ወርዶ ሊራመድ ሞከረና ባየው ነገር ደነገጠ፤ እያነከሰ ነበር።

በኮንትራት ታክሲ ኡራኤል አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ደሙን አስመረመረና «ሪህ ነው» አለ። «ጥሬ ሥጋውና ቢራው ነው የቀሰቀሰው። ሌላም ነገር አለ፤ ኩላሊትዎ ደክሟል። ስለዚህ የተለመዱትን የማስታገሻ መርፌዎች አልሰጥዎትም። ኮልቺሲን የሚባል አለ። ጥንታዊ መድኃኒት ነው፤ ከአንድ የአበባ ተክል ነው የሚወጣው። ለሪህ ፍቱን ነው። ግን አባባ፣ በደንብ ይስሙኝ፤ በዚህ መድኃኒት በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ለእርስዎ ኩላሊት ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል። በቀን አንዲት ፍሬ ብቻ። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከጀመረዎት ወዲያው ያቁሙና ወደኔ ይምጡ።»

«እሑድ ልጄን ነው የምድረው» አለ ነጋሲ። «እሑድ በእግሬ እሄዳለሁ ወይ?»

«ሊሻልዎት ይችላል። ካልተሻለዎት ምን ችግር አለው፣ ምርኩዝ ይይዛሉ።»

ከዚያ ሁሉ ንግግር ነጋሲ ጆሮ ውስጥ የቀሩት ሁለት ቃላት ናቸው፤ አበባና ምርኩዝ። ሐኪሙ በወሩ ተመልሶ እስኪያየው ድረስ የሚበቃ አዘዘለት፤ ብልቃጡን በኮቱ ኪስ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ነጋሲ የአባቱ ልጅ ነው፤ አባቱ ደግሞ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ቤት ኮሶን ያውቃል። ኮሶም የዛፍ አበባ ነው፤ ተወቅጦ ይበጠበጥና አፍንጫ ተይዞ ይጠጣል። ያንገሸግሻል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ሆድ ያጥባል። ማጠቡ ነው የመድኃኒትነቱ ምልክት። ካላጠበ አልሠራም ማለት ነውና ይጨመርበታል። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አይቀየመውም። የድሮ ጌታ እንኳን ኮሶ ጠጥቷል የተባለ አሽከሩን አይጠራም ነበር ይባላል። ነጋሲ የሐኪሙን ቃል በዚህ ወንፊት ነፋው። ከአበባ የተሠራ ነገር፣ ሆድ የሚያጥብ ነገር፣ በቀን አንዲት ፍሬ? «የልጅ መጠን ነው የሰጠኝ» አለ፤ ረቡዕ ማታ ደረብ አድርጎ ዋጠ።

ሐሙስ ጠዋት ጣቱ እንደዚያው ነበረች። ደገመ። ምሳ ሰዓት ላይ ደገመ። አመሻሹ ላይ ሆዱ ተገላበጠና ተቅማጡ ጀመረው፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ላቡ በፊቱ እየወረደ ፈገግ አለ።

«ሠራ» አለ።

መብርሂት ብልቃጡን አንስታ አየችው። «ነጋሲ፣ ሐኪሙ እኮ ተቅማጥ ከጀመረህ አቁም ብሎሃል። ሰምቻለሁ፣ አጠገብህ ነበርኩ። ነገ ጠዋት ተመልሰን እንሂድ።»

ነጋሲ ከአልጋው ላይ ሆኖ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «አንቺ» አለ በአማርኛ፣ «መቼ ቀጥ ብለሽ ሄደሽ ነው ስለ እግር የምትመክሪኝ?»

እሷ ያን ጊዜ ፊቷ አልተለወጠም። ሰው ፊቱ የሚለወጠው ያልጠበቀውን ሲሰማ ነው። ብልቃጡን ወደ ቦታው መለሰችና «ውኃ ላምጣልህ?» አለችው። አምጪ አለ። አመጣችለት፤ በዚያ ውኃ ሌላ ዋጠ። ለሐኪሙ ደውላ ብትነግረው ኖሮ፣ ወንድሟን ጠርታ በግድ ብታስወስደው ኖሮ፣ የሚል ይኖራል። ይበል። እንዲህ የሚል ሰው ትሪ ይዞ ሲገባ ከኋላው ማንም ዘንበል ዘንበል ብሎበት አያውቅም።

አርብ ዕለት ከአልጋና ከመጸዳጃ ቤት ሌላ አላየም። ያስመልሰዋል፤ ጉሮሮው ይቃጠላል፤ ሆዱን እንደ እርጥብ ልብስ የሚጨምቀው ነገር አለ። እሱ ግን በየመሐሉ ጣቱን እየተመለከተ ነበር። እብጠቷ መቀነስ ጀምሯል! ከማታው ይልቅ ጠዋት፣ ከጠዋቱ ይልቅ ቀትር ላይ ቀንሳለች። ባየ ቁጥር ብልቃጡን ያነሳል። አርያም ለሠርጉ ከሚዜዎቿ ጋር ሜክሲኮ አክስቷ ቤት ሰንብታ ነበርና ስትደውል፣ ሪሁ በወንድ ወገን ጆሮ እንዳይደርስ ብሎ «ኮሶ ጠጥቷል በያት» አለ። አርያም በስልክ ሳቀች፤ «በዚህ ዘመን ኮሶ? አባዬ ፋራ ነው በቃ» አለች። ለጎረቤቱም ይኸው ተነገረ። ሊጠይቀው የመጣ የሰፈር ሽማግሌ «እንግዲያማ ይረፍ» ብሎ ከበር ተመለሰ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነጋሲ መድኃኒቱን ካገኘ በኋላ ነው በሽታውን የሸሸገው።

ቅዳሜ ሆዱ ጸጥ አለ። የሚወጣ ነገር አልቆ ይሁን፣ መርዙ ከዚያ አልፎ ወደ ሌላ ሥራው ሄዶ ይሁን፣ ብቻ ማስመለሱም ተቅማጡም ቆመ። ጣቱ እብጠቷ ሟሽሾ ወደ መልኳ ተመልሳለች። ጥቁር ጫማውን አስመጣና አጠለቀ፤ ገባ። ተነሳና ከአልጋው እስከ በሩ ሄደ። ምንም አላመመውም። «ታጠብኩ!» አለ። ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ከአልጋው ሥር ተንከባሎ ነበር። መብርሂት ግን ከንፈሩ መገርጣቱን፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ መግባቱን፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሽንቱን አለመሽናቱን አስተውላለች። ይህን ስትነግረው «ውኃው በሌላ በኩል ወጥቶ አልቆ ነው» ብሎ መስታወቱን ጠየቃት።

እሑድ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የቤቱ ደጃፍ ላይ ልጃገረዶቹ ሠርገኛ አናስገባም ብለው ዘፍነው፣ ተሟግተው፣ ሚዜዎቹን አስገቡ። ነጋሲ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ አርያምን በክንዱ ይዞ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ያየው ሁሉ ልጁን ሲለይ ሆዱ ባብቶ ነው አለ። ልቡ ይዘላል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ጉልበቱ የሱ አይመስለውም። ከኮረኮንቹ ጫፍ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሀብተሥላሴ አዲስ ኮት ለብሶ አጭሩን እግሩን ድንጋይ ላይ አሳርፎ ቆሟል።

ነጋሲ ሄደ። ለእግሩ አልሳሳም፣ አላዘነበለም፣ አንዴም አላነከሰም። የኮረኮንቹን ጎርባጣ ሁሉ ያውቀዋልና እያለፈ፣ ትከሻው ሳይነቃነቅ፣ የልጁን እርምጃ ጠብቆ ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አረማመድ ሲሄድ የኖረ ሰው ያን ቀን በራሱ አረማመድ ሄደ፤ ደግሞም የሚያምር አረማመድ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ጎረቤት «ይሄ ሰውዬ ሙሽራው ራሱ አይደለም እንዴ?» ብሎ አሳቀ። መብርሂት ከኋላ፣ ወደ ግራ ዘንበል እያለች ትከተል ነበር፤ የባሏን ጀርባ እስከ አስፋልቱ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ነጋሲ ልጁን አስረክቦ ሀብተሥላሴን ቀና ብሎ አየው። ሀብተሥላሴ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳው።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው አዳራሽ ሙሽሮቹ የወላጆቹን ጉልበት ሲስሙ ነጋሲ ለመመረቅ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣም። ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው። መጀመሪያ ያስተዋለው ሀብተሥላሴ ነበር። ሠርጉ እንዳይረበሽ ብሎ ድምፅ ሳያሰማ ደግፎ በጓሮ በር አወጣው፤ ከመብርሂት ጋር በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰው። ነጋሲ በመንገድ ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ ወደ ሀብተሥላሴ ትከሻ የዘነበለ ራሱን ለማንሳት ሁለት ሦስቴ ታገለ፤ አንገቱ እንቢ አለው።

መብርሂት ባዶውን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ለተረኛዋ ሐኪም ሰጠች። ሐኪሟ አንብባው በስንት ቀን እንዳለቀ ጠየቀች። መብርሂት ነገረቻት። ሴትዮዋ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተቅማጡ ሲጀምረው መርዙ እየነገራችሁ ነበር» አለች። «ይህ መድኃኒት ሲበዛ ከሆድ ይጀምርና ወደ ኩላሊት፣ ወደ መቅኒ፣ ወደ ልብ ይሄዳል። ማርከሻ የለውም። በማሽንም ታጥቦ አይወጣም። የምንችለውን እናደርጋለን፤ ግን ዘግይታችኋል።»

ነጋሲ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። የዚያ መርዝ ክፋቱ ይህ ነው፤ አካልን እያፈረሰ አእምሮን አይነካም። ሰኞ የመልስ ድግስ ነበረ። አርያም አባቷን ስትጠይቅ ሀብተሥላሴ «የሠርግ ድካም ነው፣ ጉሉኮስ አስገብተውለት ይመጣል» ብሎ ዋሻት፤ ልጅቱ ጨፈረች። ነጋሲ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ፣ በኦክስጅን እየተነፈሰ፣ ከብርድ ልብሱ የወጣውን ቀኝ እግሩን ያያል። ጣቷ ድና ቁጭ ብላለች። ከገላው ሁሉ ጤነኛ ሆና የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መብርሂትን በዓይኑ ጠራት። ሞቱን አውቋል፤ ስለ ሞቱ ግን አልጠየቃትም። ጭምብሉን ከአፉ ገለል አድርጎ በትግርኛ፣ በዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው በኖረችው ለስላሳ ድምፅ፣ እናቱን እንደሚጠይቅ ሕፃን ጠየቃት። ያን ቀን መንገዱ ላይ አላነከስኩም አይደል? ሰው ምን አለ? ሀብተሥላሴስ ምን አለ?

መብርሂት እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። አነሳችው።

«አነከስክ» አለች በአማርኛ። «ከበራችን ጀምሮ እስከ አስፋልቱ። ሁሉም አየ።»

ነጋሲ ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ጠበቃት። እሷ ጭምብሉን መልሳ አፉ ላይ አደረገችለት፣ ትራሱን አቃናችለት፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት እስኪሞት ድረስ ማንንም ቀና ብሎ አላየም፤ አርያም መጥታ እጁን ስትይዝም ዓይኑን አልገለጠም።

ድንኳኑ እዚያችው መንገድ ላይ ተተከለ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ሌላ የሚያወራው አልነበረውም፤ እሑድ ዕለት ሲሄድ እንዴት እንደነበር፣ እንዴት ቀጥ ብሎ፣ እንዴት አምሮበት እንደወረደ። ጎረቤቱ አወራ። የሥጋ ቤቱ ሰዎች አወሩ። ሀብተሥላሴ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ፣ ለሚመጣው ሁሉ «እንደዚያ አድርጎ የሄደ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም» እያለ መሰከረለት። መብርሂት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። በተናገሩ ቁጥር «እውነት ነው፣ አላነከሰም» እያለች አብራቸው አለቀሰች።